ከሳንዲ ፖይንት ጭቃ ምን ይገኛል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቧንቧ ውሃ የተጠየቅኩትን ስመልስ "እኔ እንኳን የምሰራው የባህር ጭቃ ላይ ነው" ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ጉድ ነው እኮ፣ ስለ ቧንቧው አንድም ሰው አልመለሰልኝም፣ ስለ ጭቃው ግን ኢንቦክሴ ሞላ። አራቱን መርጫለሁ፣ የቀራችሁ አትቀየሙኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ጋሼ፣ እኔ ኡበር ነው የምሰራው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ልጆቼን ይዤ ሜሪላንድ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ያለው ፓርክ፣ ሳንዲ ፖይንት፣ እሄዳለሁ (ሸርጣን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፣ እኛ ዶሯችንን ጠብሰን ድልድዩን አይተን ነው የምንመለሰው)። ጁላይ ላይ አንድ ቀን ትንሽ ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች ባህሩን ከስር በፕላስቲክ ቱቦ እየወጉ ጥቁር ጭቃ ሲያወጡ አየሁ። ጭቃውን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ነበር የሚያስቀምጡት። ትንሹ ልጄ "አባ ወርቅ ነው?" አለኝ። ምን እያደረጉ ነው?

ወርቅ ቢሆን ኖሮ እኔም ኪራይ አልከፍልም ነበር ወንድሜ። ምናልባት ያየኸው እኔን ራሴን ሊሆን ይችላል፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገና ጀልባ የሚያስመልሰው ሰውዬ ከነበረ አዎ እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼሳፒክ ቤይ ውስጥ የሚገባው ውሃ ከስድስት ስቴትና ከዲሲ የሚመጣ ነው፣ ከኒውዮርክ ጀምሮ በፔንሲልቬንያ እርሻ በኩል እስከ ቨርጂኒያ፣ ተፋሰሱ 166 ሺህ ካሬ ኪሎሜትር አካባቢ ይሆናል። ያ ሁሉ መሬት ላይ የተረጨ ማዳበሪያ፣ የዶሮ እርባታው ፋንድያ፣ የሳር ሜዳው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ፣ የመኪናህ ጭስ ሳይቀር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ወደ ባህሩ ይወርዳል። ባህሩ ደግሞ ጥልቅ እንዳይመስልህ፣ አማካዩ 6 ሜትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ናይትሮጅኑን በልቶ ላይ የበቀለው አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር) ሲሞት ብዙ ሳይቆይ ስር ይወርድና ጭቃው ላይ ይተኛል፣ ልክ ጠላ ሲጠል አተላው እንደሚዘቅጠው።

እዚህ ላይ ነው የኛ ስራ የሚጀምረው። ጭቃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሞተውን አልጌ ይበሉታል፣ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ግን የትም አይጠፋም፣ ሁለት ዋና መንገድ አለው። አንደኛው አሞኒየም ሆኖ ወደ ውሃው መመለስ ነው፣ ያ ማለት ለሚቀጥለው አልጌ ማዳበሪያ። ሁለተኛው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወጥቶ ከአየሩ ጋር መቀላቀል ነው፣ የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ እሱ አይደል። በጋዝ መልክ ሲወጣ ዲናይትሪፊኬሽን እንለዋለን፣ ከባህሩ ሂሳብ ተሰረዘ ማለት ነው። ታዲያ ከመቶው ስንቱ ተመለሰ ስንቱስ ተሰረዘ የሚለውን ላይ ሆኖ በማየት ማወቅ አይቻልም፣ ጭቃውን አውጥቶ መለካት ግድ ነው።

እንደ እንቁላል የያዙበት ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው፣ ጭቃው ላዩ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቡናማ ቆዳ አለው፣ ኦክስጅን የሚደርሰው እስከዛች ድረስ ነው። ከሱ በታች ጥቁር ነው፣ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል። ቱቦው ከተንገጫገጨ ቆዳው ይደፈርሳል፣ ከደፈረሰ ደግሞ የምትለካው ባህሩን ሳይሆን የራስህን ጥፋት ነው። እኔ ቱቦውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አስሬለት ነድቼ አውቃለሁ፣ ፖሊስ ቢያስቆመኝ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

ላብ ስንደርስ ቱቦዎቹን ባህሩ ስር በነበረው ሙቀት ልክ በተስተካከለ ጨለማ ክፍል እናስቀምጣቸዋለን፣ ከጭቃው በላይ ያለውን ውሃ በተጣራ የባህር ውሃ እንቀይራለን፣ ውስጡ አየር እንዳይቀር አድርገን በክዳን እንዘጋለን። ከክዳኑ ስር ትንሽ ማግኔት እየዞረ ውሃውን ያማስላል፣ ግን ቀስ፣ ጭቃው እንዳይነሳ። ከዛ በየሰዓቱ ወይ በየሁለት ሰዓቱ በስሪንጅ ውሃ እየቀዳን አሞኒየም፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ሲሊካና ኦክስጅን እንለካለን፣ ኦክስጅኑ በጣም ከመውረዱ በፊት እናቆማለን። ጭቃ የሌለው ውሃ ብቻ የያዘ ቱቦም አብሮ ይቀመጣል፣ ውሃው ብቻውን ያመጣውን ለውጥ እንድንቀንስ።

ሂሳቡ የአምስተኛ ክፍል ነው፣ ለልጅህ አሳየው። አሞኒየሙ በ6 ሰዓት ውስጥ በሊትር ከ5 ወደ 17 ማይክሮሞል (የኬሚካል መጠን መለኪያ ነው) ወጣ እንበል፣ በሰዓት 2 ማለት ነው። ከጭቃው በላይ ያለው ውሃ ቁመቱ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጭቃ በሰዓት 300 ማይክሮሞል እየለቀቀ ነው። በቀን ስታበዛው ወደ 100 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይመጣል። ትንሽ ትመስላለች አይደል? አንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ አንጥፋት እስቲ፣ በቀን 1 ኩንታል ንጹህ ናይትሮጅን ነው፣ በዩሪያ ከሆነ ከአራት ጆንያ በላይ። አገር ቤት ገበሬው ወረፋ ይዞ የሚጠብቀውን ማዳበሪያ እዚህ ጭቃው በየቀኑ በነጻ ይረጫል ማለት ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ኮሌጅ ሁለተኛ አመት ነኝ፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ። አስተማሪያችን ዲናይትሪፊኬሽን የሚለካው የሚወጣውን ናይትሮጅን ጋዝ በመለካት ነው አለን። እኔ ግን አልገባኝም፣ ውሃው ውስጥ ቀድሞውኑ ከአየር የገባ ናይትሮጅን ሞልቷል፣ ከጭቃው የወጣውን ከዛ ውስጥ እንዴት ነው የሚለዩት? ጠይቄው "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብሎ አለፈኝ 😅

"ጥሩ ጥያቄ ነው" የሚል አስተማሪ መልሱ ረጅም ሆኖበት ነው አትፍረድበት። የኔ ሙያ ውስጥ ከባዱ ነገር እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ደሞዝ የሚበላበት።

መጀመሪያ ቁጥሩን ላሳይህ። እንደ ቼሳፒክ መካከለኛ ጨው ያለው ውሃ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር ወደ 500 ማይክሮሞል ናይትሮጅን ጋዝ ይይዛል። ደህና የሚባል ዲናይትሪፊኬሽን ያለበት ጭቃ በካሬ ሜትር በሰዓት 50 ቢለቅ፣ በዛች 15 ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥ በ6 ሰዓት የሚጨምረው 2 ብቻ ነው። ከ500 ላይ 2! መርካቶ ውስጥ ቆመህ የአንድ ሰው ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር በለው።

የድሮዎቹ በጎን በኩል ሊሄዱበት ሞክረዋል። በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ (በፈረንጅ ነው የማወራው) አሲቲሊን የሚባለውን ጋዝ ይጨምሩበት ነበር፣ እሱ ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚቀየርበትን የመጨረሻውን እርምጃ ይዘጋና ናይትሮጅኑ ናይትረስ ኦክሳይድ ላይ ይቆማል፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ ውሃው ውስጥ ከመጀመሪያውም ኢምንት ስለሆነ ለመለካት ይቀላል። ቆንጆ ሀሳብ ነበር፣ ችግሩ አሲቲሊን አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩትንም ባክቴሪያዎች ያቆማቸዋል። እነሱ ቆሙ ማለት የብዙ ጭቃ ዋናው የናይትሬት ምንጭ ደረቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር እየገደለ ቁጥሩን ያሳንሰዋል። በ1992 ዴንማርካዊው ኒልሰን ሌላ ዘዴ አመጣ፣ ክብደቱ 15 የሆነ ናይትሮጅን (የተለመደው 14 ነው) ያለው ናይትሬት ውሃው ላይ ትጨምርና በመጨረሻ የወጣው ጋዝ ስንቱ 28፣ ስንቱ 29፣ ስንቱ 30 ክብደት እንዳለው አይተህ የተፈጥሮውን ታሰላለህ። እሱ እስካሁን ይሰራል፣ ጭቃው ውስጥ ያለው ናይትሬት ከውሃው ይምጣ ከራሱ ከጭቃው የሚለየውም እሱ ነው።

አሁን አንተ የጠየቅከው ቀጥታ መለኪያ። የቼሳፒክ ቤይን ድልድይ ተሻግረህ በሩት 50 ወደ ኦሽን ሲቲ ስትሄድ ካምብሪጅ የምትባል ከተማ አለች፣ እዛ አጠገብ ሆርን ፖይንት የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ላብ አለ። ቶድ ካና የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር በ1994 ያሳተመው ዘዴ ውሃውን በቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ጋዙን ብቻ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር (ጋዞችን በክብደታቸው ለይቶ የሚለካ ማሽን) ይስባል። ብልሃቱ ምን መሰለህ፣ ናይትሮጅኑን ለብቻው አታየውም፣ ከአርጎን ጋር ታወዳድረዋለህ። አርጎን ማንም የማይበላው ማንም የማይሰራው ጋዝ ነው፣ ባክቴሪያ ዞር ብሎ አያየውም። ሙቀት ሲቀየር ወይም ጨው ሲጨምር ሁለቱም በተቀራራቢ መጠን አብረው ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ናይትሮጅኑ ከአርጎኑ ተለይቶ ከፍ ካለ ግን እሱን ያመጣው ህይወት ያለው ነገር ነው። የሁለቱን ንጽጽር ከ0.1 በመቶ ባነሰ ስህተት ታነበዋለህ፣ ስለዚህ ከ500 ላይ 2 ትታያለች።

የምትታየው ግን ሁሉ ነገር ከተስተካከለ ነው። የመጀመሪያ አመቴ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ጃኬት ላይ ጃኬት፣ አንዱ ቱቦ ዲናይትሪፊኬሽኑ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ወጣ። ግኝት ያገኘሁ መስሎኝ ለአለቃዬ በሌሊት ጻፍኩላት። ጠዋት መጥታ ቱቦውን ዘንበል አደረገችውና ክዳኑ ስር ከጎማው አጠገብ ጥፍር የምታክል አረፋ ወጣች። 1 ሚሊሊትር አየር ውስጥ ወደ 32 ማይክሮሞል ናይትሮጅን አለ፣ ቱቦዬ ውስጥ ያለው ውሃ ሁለት ሊትር ተኩል ግድም ነው፣ በ6 ሰዓት የምፈልገው ምልክት በጠቅላላ 5 ነው። ሁሉም ባይሟሟ እንኳን ያቺ አረፋ ሙሉ ሌሊቴን በላችው። አለቃዬ ምንም አላለችም፣ ፎቶ አንስታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፣ እስካሁን አለ።

ሌላ ማጣሪያም አለ፣ ይሄን ለአስተማሪህ ንገረው። አልጌ ሲሰራ ካርቦንና ናይትሮጅኑ በአማካይ 106 ለ16 ነው። ጭቃው ከበላው ኦክስጅን ተነስተህ ስንት ካርቦን እንደተቃጠለ ትገምታለህ፣ ከዛ ስንት ናይትሮጅን መውጣት እንደነበረበት ታውቃለህ። አሞኒየምና ናይትሬት ሆኖ የወጣውን ስትደምር ከጎደለ፣ የጎደለው ጋዝ ሆኖ ሄዷል። እንደ እቁብ ሂሳብ ነው፣ ከሳጥኑ የጎደለ ብር የሆነ ሰው ጋ አለ። ሁለቱ መንገድ ተቀራራቢ ቁጥር ሲሰጡህ ነው ተኝተህ የምታድረው።

ከሐያትስቪል፦ ልጄ ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ስልሳ አምስት አልፌያለሁ፣ ጽሁፍህን ልጄ ናት የምታነብልኝ። ጭቃው ቆሻሻውን ወደ አየር የሚሰድልን ከሆነ በየጊዜው የፍሳሽ ማጣሪያ እያሉ ቢላችንን የሚቆልሉት ለምንድን ነው? እግዜር በነጻ የሰጠንን እነሱ ይሸጡልናል?

እናቴ፣ ሰላምዎ ይብዛ። ጥያቄዎን ለስራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፣ አንዷ "ይህቺን ሴት መቅጠር አለብን" አለች።

እግዜር የሰጠው እውነት ነው፣ ግን ጭቃው አቅም አለው፣ ከአቅሙ በላይ ሲጭኑበት ስራውን ይተዋል፣ የሚተወውም ሁልጊዜ በከፋ ሰዓት ነው። ላስረዳዎት። ናይትሮጅኑን ጋዝ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን የሌለበት ቦታ ነው የሚሰሩት፣ ኦክስጅን ሲያጡ ናይትሬትን ይተነፍሳሉ። ናይትሬቱን የሚሰሩላቸው ጎረቤቶቻቸው ግን ያለ ኦክስጅን መስራት አይችሉም። ሁለቱ ግድግዳ እንደሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፣ አንዱ ቡናማው ቆዳ ላይ፣ አንዱ ጥቁሩ ውስጥ፣ ርቀታቸው ሚሊሜትር ነው። በጋ ላይ (የፈረንጁን በጋ፣ ጁላይን አካባቢ ማለቴ ነው) እዚህ ባህሩ ሲሞቅ፣ አልጌው በዝቶ ሲሞትና ሲበሰብስ፣ የቤዩ ጥልቅ ቦይ ስር ኦክስጅን ያልቃል። ቡናማው ቆዳ ይጠፋል፣ ጭቃው እስከ ላይ ጥቁር ይሆናል። አንደኛው ጎረቤት ሞተ፣ ሁለተኛው ስራ ፈታ፣ አሞኒየሙ ሁሉ ወደ ውሃው። ፎስፈረሱም ከብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ የነበረው ዝገቱ ሲሟሟ ይለቀቃል። ኬምፕና ቦይንተን የሚባሉ ሜሪላንድ ውስጥ ያሉት የሆርን ፖይንትና የሰለሞንስ ላቦች ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990 ያሳተሙት ይሄንኑ ነው፣ ዲናይትሪፊኬሽን በጣም በሚፈለግበት በበጋው ነው የሚደክመው። ማዳበሪያ አልጌን ወለደ፣ አልጌ ኦክስጅንን ገደለ፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ጭቃው እንደገና ማዳበሪያ ለቀቀ፣ እንዲህ እየዞረ ነው የሚኖረው።

ማጣሪያው ደግሞ የሚያደርገው ይሄንኑ የጭቃውን ስራ ነው፣ በገንዳ ውስጥ በልክ። የዲሲ፣ እንዲሁም በከፊል የሞንትጎመሪ፣ የፕሪንስ ጆርጅስና የፌርፋክስ ፍሳሽ የሚሄድበት ብሉ ፕሌይንስ በቀን እስከ 384 ሚሊየን ጋሎን የመቀበል አቅም አለው። እዛ አየር እየነፉ አንደኛውን ጎረቤት ያሰሩታል፣ አየሩን ከልክለው ሁለተኛውን ያሰሩታል፣ ሁለተኛው ምግብ ሲያንሰው ሜታኖል የሚባል አልኮል እየገዙ ያበሉታል። ቢልዎ ላይ ያለው ብር የተወሰነው የባክቴሪያ ቀለብ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። ቢሉ ተቆለለ ያሉት ላይ ግን አልከራከርዎትም፣ እኔም ሲመጣ እቆጣለሁ።

ደግሞ ጭቃ ቶሎ አይረሳም። ቦስተን ወደብ ላይ ከፍሳሽ ማጣሪያ የሚወጣ ዝቃጭ እስከ 1991 መጨረሻ ድረስ ይለቀቅ ነበር። እሱ ቆመ፣ በመስከረም 2000 ደግሞ የተጣራው ፍሳሽ ራሱ በባህር ስር በተቆፈረ 15 ኪሎሜትር ዋሻ ወደ ማሳቹሴትስ ቤይ እንዲወጣ ተደረገ። አመታት ጭቃውን እያወጡ ሲለኩት ዝቃጩ በቆመ ማግስት አልተኛም። እንዲያውም ሽሪምፕ የሚመስሉ ደቃቅ እንስሳት ወደቡን ወረሩትና ከጭቃ ትንንሽ ቤት ሰርተው ውሃ ወደ ውስጥ እያንቆረቆሩ ኦክስጅን አስገቡበት፣ የድሮው ክምችት መቃጠል ጀመረ፣ የሚወጣው ናይትሮጅንም ከፍ ብሎ ቆየ፣ ቀስ እያለ ነው በኋላ የወረደው። ስለዚህ ዛሬ የተከፈለው ገንዘብ ውጤቱ ለልጅ ልጆችዎ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ስነግርዎ ደስ እንደማይልዎት አውቃለሁ።

ከባህር ዳር፦ ይሄን መለኪያ ወደ ጣና ማምጣት ይቻላል ወይ? እምቦጩን በእጅ መንቀል ሰልችቶናል፣ ምግቡ ከጭቃው ነው የሚመጣው ወይስ ከወንዙ?

ይቻላል። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ኦክስጅን መለኪያውም አሞኒየምና ፎስፌት መለኪያውም አገር ውስጥ ላብ የሚሰራ ነው፣ ውዱ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ነው፣ ለሱ ናሙናውን በታሸገ ጠርሙስ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ይቻላል፣ አረፋ እንዳይገባ ብቻ (ከላይ አንብብ)።

ሁለት ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። ጣና ጥልቀቱ በአማካይ ከ10 ሜትር በታች ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ስሩን ያደፈርሰዋል። ጸጥ ባለ ቱቦ ውስጥ የለካኸው ጭቃ ከዛ ማዕበል ውስጥ ካለው ያነሰ ሊያሳይህ ይችላል፣ ስለዚህ ማማሰያውን አፍጥነህ ሆን ብለህ እያደፈረስክ ሌላ ዙር መለካት አለብህ። ሁለተኛው፣ ጣና ከባህር ጠለል 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከኛ በሀያ በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ጋዝም በዛው ልክ ያንሳል። ስታንዳርድህን (የምታነጻጽርበትን ውሃ) በባህር ጠለል ሰንጠረዥ ካሰላኸው ጤነኛ ውሃ ኦክስጅን የጎደለው መስሎህ ትደነግጣለህ። የናይትሮጅንና የአርጎን ንጽጽሩ ብዙ አይነካም፣ መጠኑ ነው የሚሳሳተው።

ከጭቃው ነው ከወንዙ ላልከኝ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አልፈርድም። ግን መንገዱን ልስጥህ፣ እምቦጩ በ2011 በፈረንጅ ከታየበት ከሰሜን ምስራቁ ዳርቻ፣ ከመገጭ አፍ አካባቢ፣ ሶስት ቱቦ አውጣ፣ ሶስት ደግሞ ከመሀል። አንዴ በክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ አንዴ በበጋ ወንዙ ሲደርቅ። በበጋ ወንዙ ምንም ሳያመጣ ጭቃው ፎስፌት እየለቀቀ ካገኘኸው ጻፍልኝ፣ ቱቦ ከጎደለህ እኔ ጋ ትርፍ አለ፣ ወደ አገር የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ እጨምርልሃለሁ። ታጥቧል፣ ባለቤቴ ግን አሁንም ይሸታል ባይ ናት።